አፉን የዘጋ ቅጠል

ዛሬ በአንድ የልጅ ጥያቄ ልጀምር። መልሱን ከማንበባችሁ በፊት እባካችሁ ለራሳችሁ መልሱት። በደጃችሁ የቆመው ባሕር ዛፍ ሲተከል ከጣታችሁ የማይወፍር ችግኝ ነበር። ዛሬ ሁለት ጎልማሳ የማይሸከመው ግንድ ሆኗል። ያ ሁሉ እንጨት ከየት መጣ? ዛፉ ምን በልቶ አደገ?

ይህን የጠየቀችኝ የመጀመሪያዋ ልጄ ናት። ባለቤቴ በዚያን ጊዜ በደቡብ ወሎ፣ በመካነ ሰላም ከተማ ያገለግል ነበር። ልጄ የሳይንስ የቤት ሥራዋን ይዛ ወደ ማጀት ስትመጣ እኔ ለቡና ከሰል አያያዝ ነበር። ቀና እንኳ ሳልል፣ “አፈር ነዋ! ሥሩ አፈሩን ይበላል” አልኳት። በሰንበት ትምህርት ቤትም ለልጆች ያስተማርኩት ይህንኑ ነበር። እሷም ደብተሯን ይዛ ወደ አባቷ ሄደች። ተመልሳ መጣችና፣ “እማዬ፣ አባዬ ከአየር ነው ይላል” አለችኝ።

“አየር ይበላል እንዴ? ሂጂ በይው!” አልኳት።

ባለቤቴ ያለው በሚቀጥለው ክፍል ነበር። ድምፄን ትንሽ ከፍ ባደርግ ይሰማኝ ነበር። ነገር ግን በዚያ ሰሞን እኔና እርሱ አንነጋገርም ነበር። “ምሳ ቀርቧል በይው”፣ “ቁልፉ የት ነው በያት” እየተባባልን ልጃችንን መልእክተኛ አድርገናት ነበር። ወደዚህ ነገር ኋላ እመለሳለሁ። አስቀድሜ ግን ስለ ዛፉ ልንገራችሁ፤ የእኛን ቤት ነገር የተረዳሁት በዛፉ በኩል ነውና።

አመዱ ይመስክር

በቤተ ክርስቲያናችን አንድ ወጣት የሳይንስ መምህር ነበር። “እንዲህ ያለ መልስ ሰምተህ ታውቃለህ?” ብዬ ስጠይቀው ፈገግ አለና፣ “እትዬ፣ ምድጃዎን ይጠይቁት” አለኝ። “አንድ ሸክም ደረቅ እንጨት አንድደው ሲያበቁ ስንት አመድ ያገኛሉ?”

“አንድ ሁለት እፍኝ” አልኩት።

“ሥሩ ከአፈር የወሰደው ያንን ነው። የቀረው ከአየርና ከውሃ የመጣ ነው፤ ሲነድም ወደ አየር ተመለሰ” አለኝ።

እኅቶቼ፣ ስንት ዓመት አመድ ስንዝቅ ኖረናል! ይህን ግን አስበነው እናውቃለን? የደረቀ እንጨት ክብደቱ ግማሽ ያህሉ ካርቦን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ካርቦን ምን እንደሚመስል ማየት ከፈለጋችሁ ከጀበናችሁ ሥር ተመልከቱ። ከሰል ማለት አየር በሚገባ ሳያገኝ በመክሰሉ ውሃውና ጢሱ የወጣለት፣ በአብዛኛው ካርቦኑ የቀረ እንጨት ነው። ያ ጥቁር፣ እጅ የሚያጠቁር ነገር አንድ ቀን የማይታይ አየር ነበር። ቅጠል ነው ከሰማይ በታች ለቅሞ ያጠራቀመው።

ታዲያ አፈር አያስፈልግም ማለት ነው? አይደለም። ተክል ውሃውን የሚያገኘው ከአፈር ነው። ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስ፣ ፖታሲየም የሚባሉትንም በሥሩ ይወስዳል። እነዚህ በመጠን ጥቂት ናቸው፤ ያለ እነርሱ ግን ቅጠሉ ሥራውን መሥራት አይችልም። በወሎ ደጋ ማገዶ ስለሚቸግር ፍጉ ኩበት ሆኖ ይነድዳል፤ ማሳውም ፍጉን ሳያገኝ ይቀራል። ገበሬው ፍግና ብስባሽ ወደ ማሳው ሲመልስ መልካም ያደርጋል። ነገር ግን የዛፉ ግንድ፣ የጤፉ አገዳ፣ የገብሱ ዛላ የሚሠራበት ዋናው ቁስ በአፈር ውስጥ ያለ አይደለም።

ጥያቄው የቆየ ነው

እንደ እኔ የተሳሳተ ብዙ ነው። በብራስልስ አቅራቢያ ይኖር የነበረ ቫን ሄልሞንት የተባለ ሰው 200 ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 90 ኪሎ ግራም የሚሆን ደረቅ አፈር በገንዳ ውስጥ አድርጎ 5 ፓውንድ የምትመዝን የአኻያ ችግኝ ተከለበት። 5 ዓመት ውሃ ብቻ ሲያጠጣት ቆየ። በመጨረሻ ሲመዝናት 169 ፓውንድ ሆናለች። አፈሩን አድርቆ ሲመዝነው የጎደለው 2 አውንስ ያህል ብቻ ነው፤ ይህም 60 ግራም አይሞላም! ስለዚህ፣ “ዛፉ የተሠራው ከውሃ ነው” ብሎ ደመደመ። ጽሑፉ የታተመው ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1648 ነው። አፈር አለመሆኑን በትክክል አየ፤ ዙሪያውን የከበበውን አየር ግን አላየም።

ከእርሱ በኋላ በዚህ ጥያቄ ከደከሙት ሰዎች መካከል የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች መኖራቸው እኔን አስገርሞኛል። እንግሊዛዊው ቄስ ስቲቨን ሄልስ እ.ኤ.አ. በ1727 ባሳተመው መጽሐፍ ተክሎች በቅጠላቸው በኩል ከአየር ምግብ ሳያገኙ እንደማይቀሩ ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1771 ደግሞ በእንግሊዝ አገር ሰባኪ የነበረው ጆሴፍ ፕሪስትሊ በተዘጋ ብርጭቆ ውስጥ ሻማ አብርቶ እስኪጠፋ ጠበቀ። ከዚያም የናና ቅርንጫፍ አኖረበት። ከቀናት በኋላ ሻማ በዚያው አየር ውስጥ እንደገና በራ። ሆላንዳዊው ሐኪም ያን ኢንገንሁዝ እ.ኤ.አ. በ1779 ይህን የሚሠራው የተክሉ አረንጓዴ ክፍል ብቻ እንደሆነ፣ እርሱም በብርሃን ሲሆን ብቻ እንደሚሠራ አሳየ። የጄኔቫው ፓስተር ዣን ሰነቢዬ በ1782 ባሳተመው ሥራ ቅጠል በብርሃን ንጹሕ አየር የሚሰጠው ዛሬ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የምንለውን አየር ሲያገኝ መሆኑን ገለጸ። በመጨረሻም ቴዎዶር ደ ሶሱር በ1804 እየመዘነ ካርቦኑ ከአየር እንደሚመጣ፣ ውሃም የተክሉ አካል እንደሚሆን አረጋገጠ።

ከአየር ወደ እንጀራ

አሁን ከቅጠሉ ውስጥ እንግባ። በቅጠል ላይ፣ በተለይም በሥረኛው ገጹ፣ በዓይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ። ሳይንቲስቶች ስቶማታ ይሏቸዋል፤ ቃሉ በግሪክኛ “አፎች” ማለት ነው። እያንዳንዱ አፍ እንደ ከንፈር ሁለት ሴሎች አሉት። ሴሎቹ ውሃ ሲሞሉ አፉ ይከፈታል፤ ውሃ ሲጎድልባቸው ይዘጋል።

በእነዚህ አፎች አየር ይገባል። ከአየር ውስጥ ግን ተክሉ የሚፈልገው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እጅግ ጥቂት ነው። ከ10,000 እጅ 4 እጅ ያህል ቢሆን ነው። መካነ ሰላም ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ያለች ናት፤ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል የሳሳ ነው። በቅጠሉ ውስጥ ሩቢስኮ የተባለ ፕሮቲን ያንን ጥቂቱን እየለቀመ ይይዛል። ክሎሮፊል የተባለው አረንጓዴ ቀለም የፀሐይን ብርሃን ይቀበላል። በብርሃኑ ኃይል ውሃ ይሰነጠቃል፤ ከውሃው የተለየው ኦክስጅን ወጥቶ እኛ እንተነፍሰዋለን፤ ካርቦኑም ተቀናብሮ ስኳር ይሆናል። ፎቶሲንተሲስ የሚባለው ይህ ነው። ከስኳሩ ተክሉ እንጨቱን፣ ሥሩን፣ ፍሬውን ይሠራል።

ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ምን ያህል ፈጥኖ እንደሆነ ታውቃላችሁ? በአሜሪካ፣ በበርክሌይ ሜልቪን ካልቪንና ባልደረቦቹ ምልክት ያለበት ካርቦን ለአረንጓዴ የውሃ ተክል ሰጡ። ከጥቂት ሴኮንዶች በኋላ በፈላ አልኮል ውስጥ ጨምረው ሥራውን አስቆሙት። በዚያች አጭር ጊዜ ካርቦኑ ተይዞ ወደ ስኳር መንገድ ገብቶ አገኙት። ካልቪን በዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1961 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ወደ ቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ፣ ቀድሞ ደንቆሮ ጫካ ወደሚባለው የወጣችሁ እንደሆነ አስታውን፣ ጅብራውን፣ ጓሳውን አይታችኋል። ሁሉም ከሳሳው አየር ተለቅሞ የተሠራ ነው። ጭላዳ ዝንጀሮ ሣሩን ሲግጥ ያው ካርቦን ሥጋ ይሆናል። እኛም እንጀራ ስንበላ እንዲሁ ነው። መልሰን ስንተነፍስ ደግሞ ካርቦኑ ከአፋችን ይወጣል። እሁድ እሁድ ስንዘምር የምናስወጣው ትንፋሽ ከደጅ ባለው ገብስ ቅጠል ውስጥ ቢገባ የሚያስደንቅ አይደለም። ጌታችን በማርቆስ 4፥26-28 ስለ ዘሪው ሲናገር፣ ሰውየው ተኝቶ ሲነሣ ዘሩ እርሱ ሳያውቅ እንደሚያድግ አስተምሯል። ዛሬ እንዴት እንደሚያድግ በጥቂቱ አውቀናል። እኔ ግን ባወቅሁ ቁጥር ይበልጥ ሰገድኩ እንጂ አልቀነስኩም።

አፍ ሲዘጋ

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ቅጠል አፉን ሲከፍት ካርቦን ይገባል፤ በዚያው አፍ ግን ውሃው ይወጣል። አንዲት የካርቦን ዳይኦክሳይድ ቅንጣት ለማስገባት በመቶ የሚቆጠሩ የውሃ ቅንጣቶች ይተንናሉ። ምግብ የሚገባበትና ውሃ የሚወጣበት በር አንድ ነው። ሳይከስር የሚያተርፍ ቅጠል የለም።

ዝናብ ሲቀር ቅጠሉ ምን ያደርጋል? አፉን ይዘጋል። ብልህነት ነው፤ ውሃውን ያድናል። ለአንድ ቀን፣ ለአንድ ሳምንት ይረዳዋል። ከረዘመ ግን ካርቦን አይገባምና ቀድሞ ያጠራቀመውን እየበላ ይቆያል። ላዩን አረንጓዴ ሳለ ውስጡ ይራባል። ገብሱ ዛላው ባዶ የሚቀረው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ወሎ ይህን በመጽሐፍ ሳይሆን በሰውነቱ ያውቀዋል። የ1966 እና የ1977 ዓ.ም. ረሃብ በዕድሜ ከገፉ ሰዎች አፍ አልጠፋም። ዝናብ መቅረቱ ብቻ አልነበረም፤ ዝምታም ነበረበት። የ1966ቱ ረሃብ ለብዙ ወራት ተሸፋፍኖ ቆይቶ፣ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የቀረጸው ፊልም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 በቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ነው ዓለም የሰማው። የተዘጋ አፍ ስንቱን ጨረሰ!

አሁን ወደ ቤቴ ልመለስ። አንዲት እኅት ባሏ ሞቶባት ለቅሶ ልደርሳት ሄጄ ነበር። እጄን ይዛ፣ “ያንን ብር ባትሰጡኝ ልጆቼን ምን አበላቸው ነበር?” ብላ አመሰገነችኝ። እኔ ስለ ምን እንደምትናገር አላወቅሁም። ኋላ ስረዳ ባለቤቴ ለልጆቻችን የትምህርት ወጪ የቆጠብነውን ብር ሳይነግረኝ ሰጥቷት ኖሯል። በመስጠቱ ልቆጣ አልችልም፤ የተሰጠው ለባልቴትና ለወላጅ አልባ ልጆች ነው። ያመመኝ ሰው ከነገረኝ በኋላ ማወቄ ነው። “ብናገር ስስታም እባላለሁ” ብዬ አፌን ዘጋሁ። እርሱም የማውቅ መሆኔን ከፊቴ አንብቦ፣ “ብናገር ይብሳል” ብሎ ዘጋ። ሁለታችንም ሰላም ያዳንን መሰለን።

አበው “ዝም አይነቅዝም” ይላሉ። በአደባባይ እውነት ሊሆን ይችላል። በአንድ አልጋ በሚተኙ ሁለት ሰዎች መካከል ግን ዝም ይነቅዛል። በ19 ቀን ውስጥ አንድም ክፉ ቃል አልተነጋገርንም። ምእመናን ሲመጡ ፈገግ እንል ነበር፤ አረንጓዴ ነበርን። ነገር ግን አብረን መጸለይ አቆምን። የልጄ ፊትም ከሳ። ዳዊት በመዝሙር 32 ኃጢአቱን በዝምታ በያዘ ጊዜ አጥንቱ እንደ ደከመ፣ ልምላሜውም እንደ በጋ ወራት እንደ ደረቀ ይመሰክራል። እርሱ የተናገረው በእግዚአብሔር ፊት ስላለ ዝምታ ነው። እኔ ግን በትዳር ውስጥም ያው ድርቀት እንዳለ በዚያ ሰሞን ቀመስኩ።

ያ መምህር ስለ ቅጠሉ አፍ የነገረኝ ዕለት ማታ መብራት ጠፋ። ልጆች ተኝተዋል። ባለቤቴ በጨለማው ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ስለ ብሩ ለመጀመር ድፍረት አጣሁ። ያለኝን ትንሿን ነገር ግን ተናገርኩ።

“ዛፉ ከአየር ነው ያልከው ልክ ነበርክ” አልኩት።

ጥቂት ዝም አለ። ከዚያ፣ “በዛፉ ልክ ነበርኩ። በብሩ ግን ተሳስቻለሁ” አለኝ።

ያን ሌሊት ብዙ አወራን። ሁሉም ጣፋጭ አልነበረም፤ እኔም አልቅሻለሁ፣ እርሱም ተቆጥቷል። አፍ ሲከፈት ውሃ ይወጣል አላልኳችሁም? ብሩም አልተመለሰም፤ በዚያ ዓመት ለልጆቹ ደብተር የገዛነው በብድር ነው። ግን አንድ ደንብ አወጣን፤ ለሰው የሚሰጥ ነገር ሁሉ ሁለታችን ሳናውቀው ከቤት አይወጣም። እስከ ዛሬ አልፈረሰም።

ከጤፍና ከቁልቋል እንማር

እግዚአብሔር ለድርቅ ጊዜ ለተክሎች የሰጠው ጥበብ አለ። ከለጋምቦ ደጋ ተነሥታችሁ በመካነ ሰላም በኩል ወደ አባይ በረሃ ብትወርዱ መጀመሪያ ገብስና ስንዴ፣ ቀጥሎ ጤፍ፣ ዝቅ ሲል ማሽላና በቆሎ ታያላችሁ። ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ ለብርድ አገር የተመቹ ናቸው። ጤፍ፣ ማሽላና በቆሎ ግን በቅጠላቸው ውስጥ ካርቦንን አስቀድሞ ሰብስቦ የሚያከማች አሠራር አላቸው። ስለዚህ በሙቀት ጊዜ አፋቸውን ጠበብ አድርገው እንኳ የሚበቃቸውን ያገኛሉ። የሚባክነው ውሃም ያንሳል።

የበለስ ቁልቋልን ደግሞ ተመልከቱ። ቀን በፀሐይ አፉን ጥርቅም አድርጎ ይዘጋል። ሌሊት ሲቀዘቅዝ ይከፍትና ካርቦኑን ያስገባል፤ አጠራቅሞም ቀን በብርሃን ስኳር ይሠራበታል። ለዘላለም አልዘጋም፤ የሚከፍትበትን ሰዓት መረጠ እንጂ።

የተወደዳችሁ ባለትዳሮች፣ ከዚህ የወሰድኩትን ላካፍላችሁ። በቁጣ ሙቀት ሰዓት አፍን መዝጋት ኃጢአት አይደለም፤ ጥበብ ነው። ነገር ግን የምትከፍቱበት ሰዓት ይኑራችሁ። ሐዋርያው በኤፌሶን 4፥26 ቁጣችን ፀሐይ እስኪገባ እንዳይቆይ የሚመክረን ለዚህ ይመስለኛል። ልጆች ከተኙ በኋላ፣ ሙቀቱ ሲበርድ፣ ጥቂት ቃል ይበቃል። ቅጠሉ የሚኖረው ከ10,000 እጅ 4 እጅ በምትሆን ነገር ነው። “ልክ ነበርክ”፣ “ይቅር በይኝ”፣ “ዛሬ እንዴት ዋልሽ?” ትንሽ ናቸው፤ በየቀኑ ሲለቀሙ ግን ግንድ ይሆናሉ።

አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅ። በቤቱ ዱላና ማስፈራራት ካለ ይህ ምክር ለብቻችሁ ተሸከሙት ማለት አይደለም። ያን ጊዜ አፍ የሚከፈተው ለሚያድን ሰው ነው፤ ለቤተሰብ፣ ለታመነ አገልጋይ፣ ለሕግም ጭምር።

ነገ ጠዋት ከሰል ስታያይዙ አንዱን ፍም አንሥታችሁ እዩት። በማይታይ ነገር የሚመግበው ጌታ ያንን ዛፍ በዓመታት ውስጥ ከአየር አሳድጎታል። የእናንተንም ቤት ሊያሳድግ ይችላል። እናንተ አፋችሁን ክፈቱ።

ለባልና ሚስት መወያያ

1. በቤታችን “ብናገር ይብሳል” ብለን የዘጋነው ጉዳይ አለ? ከመቼ ጀምሮ?
2. ለመነጋገር የሚመቸን፣ ሙቀቱ የሚበርድበት ሰዓት የትኛው ነው?
3. ልጆቻችንን መልእክተኛ አድርገናቸው እናውቃለን? እንዴት እንተው?

ጌታ ትዳራችሁን ይባርክ።